ሙቅ ውሃ የሚያድርበት ዕቃ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቤት ውስጥ ለሚሠራ የፀሐይ ማሞቂያ የታንክ ምርጫ

በቤቱ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ሊሠራ የተነሣ ሰው ሐሳቡም ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ሙቀት ሰብሳቢው ላይ ነው። መስታወቱ፣ ጥቁር ቀለሙ፣ የቧንቧው መደዳ፣ የሣጥኑ ብየዳ ብዙ ይመከርበታል። ታንኩ ላይ ሲደረስ ግን «የተገኘው ይሁን» ይባልና ከጓሮ አንድ በርሜል ይነሣል፤ ትርፍ ሮቶ ካለም እሱ ይመደባል። እኔ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። በሰበታም፣ በቡራዩም፣ ይልቁንም በሱሉልታ በበጋ ፀሐይ አይጠፋም። የሚቸግረው ቀን የተሰበሰበውን ሙቀት ቤተሰቡ እስኪታጠብ፣ ማለትም እስከ ምሽትና እስከ ማለዳ፣ ማቆየቱ ነው። ይህን ደግሞ የሚወስነው ታንኩ ነው።

ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን በሦስት በር የሚጠብቁ ናቸው፤ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ፣ ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ቡራዩ በመካከላቸው ነው። የከፍታው ልዩነት ቢያንስም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ጎልቶ ይታያል፤ የሱሉልታ ሜዳ ሲነጋ ውርጭ የሚነጣበት ወቅት ነውና። እዚያ በማለዳ ልምምድ የሚወጡት ሯጮቻችን ይህን ብርድ በሚገባ ያውቁታል።

ጉዳዩ አሁን የሚነሣበት ምክንያትም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ማሞቂያ ለብዙ ቤተሰብ የሚቀመስ አልሆነም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ፣ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተደርጎ ወጥቷል። 150 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 50 ዲግሪ ለማሞቅ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ይህን በየቀኑ ከቆጣሪ መክፈልና ከሰማይ በነፃ ማግኘት ለአንድ ደመወዝተኛ ቤት ትልቅ ልዩነት ነው።

የታንኩ ጥያቄ የዚህ ሙያ ዋና ጥያቄ መሆኑን ታሪኩም ይመሰክራል። በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ ነዋሪ የነበረው ክላረንስ ኬምፕ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ማሞቂያ ጥቁር የተቀባ ታንክ ራሱ፣ መስታወት ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ፀሐይ እንዲመታው የተደረገ ነበር። ከሰዓት በኋላ በቂ ሙቅ ውሃ ይሰጣል፤ ሌሊቱን ግን ያው መስታወት ሙቀቱን መልሶ ለሰማይ ያስረክበዋል። በ1909 በካሊፎርኒያ ዊልያም ቤይሊ ሰብሳቢውንና ታንኩን ለያየ፤ ታንኩን ከፍ አድርጎ ሰቀለ፤ ዙሪያውንም በወፍራም ልባስ ሸፈነ። ያን ማሞቂያ «ቀንና ሌሊት» ብሎ ሰየመው፤ የኬምፕን ዓይነት ማሞቂያም ከገበያ አስወጣው። የፀሐይዋ ብርታት በሁለቱም ዘመን ያው ነበር። የተለወጠው ውሃው የሚያድርበት ዕቃ ነው።

መጠኑን እናስቀድም፤ ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ሲታጠብ 40 ዲግሪ የሆነ 30 ሊትር ውሃ ይበቃዋል እንበል። ቀዝቃዛው 15፣ የታንኩ 50 ዲግሪ ከሆነ ከዚህ ውስጥ ሙቁ 21 ሊትር ብቻ ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት 105 ሊትር ይሆናል፤ ዕቃ ማጠቢያና የሕፃን ልብስ ሲጨመር 150 ሊትር። በባልዲ እየቀዱ ለሚታጠቡ ደግሞ 100 ሊትር ይተርፋል።

ሰብሳቢው ጋር ማመዛዘን ይቀጥላል። ጥሩ ፀሐይ ባለበት የበጋ ቀን አንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይወርዳል። በቤት የተሠራ ሰብሳቢ ከዚህ ግማሹን ያህል ከያዘ በርትቷል። ስለዚህ 2 ካሬ ሜትር ሰብሳቢ 150 ሊትርን ወደ 45 እና 50 ዲግሪ ያደርሳል። «ለሁለት ቀን ይቆየን» ተብሎ በዚያው ሰብሳቢ ላይ 300 ሊትር ከተጫነ ውሃው ከ32 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ይህም ለማንም የማይሆን ለብታ ነው። ተቃራኒውም ጉዳት አለው። 50 ሊትር ብቻ ከሆነ ከቀትር በኋላ ይፈላል። በሱሉልታ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነውና እንፋሎቱ በአየር ማስወጫው መውጣት ይጀምራል፤ ለመታጠብ የገባ ልጅም ሊቃጠል ይችላል። ለአንድ ካሬ ሜትር ሰብሳቢ ከ50 እስከ 75 ሊትር የሚለው የቆየ ልክ ለእኛም አገር ይሠራል፤ በሱሉልታ ወደ 50 መጠጋት ይሻላል።

ከመጠኑ ቀጥሎ ታንኩ የማንን ግፊት እንደሚሸከም መታወቅ አለበት። በነዚህ ከተሞች ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙው ግቢ በብረት መቆሚያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ አለው። ችግር የወለደው ይህ ሮቶ ለፀሐይ ማሞቂያ ትልቅ ሀብት ነው። ሙቅ ታንኩ ቀዝቃዛ ውሃውን ከሮቶው ካገኘ የሚደርስበት ግፊት የሮቶው ውሃ ከፍታ ያህል ብቻ ነው፤ ለአንድ ሜትር ከፍታ የአንድ ባር አንድ አሥረኛ። እንዲህ ያለውን ግፊት ቀጭን ላሜራም ይችለዋል። ያው ታንክ በቀጥታ ከመንገድ መስመር ጋር ከተያያዘ ግን ብዙ ባር ሊመጣበት ይችላል፤ በርሜል ይህን አይችልም፣ ይነፋል፣ ከዚያም ይቀደዳል። ስለዚህ ፋብሪካ ለግፊት የሠራው ቦይለር ካልሆነ በቀር ማንኛውም ታንክ ውሃውን ከሮቶ ብቻ ያግኝ። ከታንኩ አናት የሚነሣ የአየር ማስወጫ ቧንቧም ከሮቶው የውሃ ልክ በላይ ወጥቶ ክፍት ይቁም። 150 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 2 ሊትር ተኩል ያብጣል። ይህ መውጫ ካጣ መንገዱን በብየዳው በኩል ያበጃል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንግባ። በየግቢው የሚገኘውና መጀመሪያ የሚታሰበው ሮቶ ነው፤ ለሙቅ ውሃ ግን ሮቶ አይሆንም። የተሠራበት ፖሊኢትሊን 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ በውሃ ክብደት ሆዱ ያብጣል፣ የቧንቧ መግቢያዎቹ ያፈሳሉ። ጥቁር ሮቶ ፀሐይ ላይ ውሎ የሚሰጠው ለብታ ብዙ ሰው ያታልላል። ያ ለብታ ለእጅ መታጠቢያ ይበቃል፤ ከሰብሳቢ ጋር የተያያዘ ሙቅ ውሃ ግን ሌላ ነገር ነው። ሮቶ የቀዝቃዛ ውሃ ዕቃ ሆኖ ይቀመጥ።

በርሜል ሁለተኛው ነው፤ እሱ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚጀምረውም የሚጎዳውም በእሱ ነውና። 200 ሊትር ይይዛል፣ ቁመቱ ከስፋቱ ይበልጣል፣ ክዳኑ ላይ አንድ የ2 ኢንችና አንድ የሦስት ሩብ ኢንች መግቢያ አለው። እነዚህን ለአየር ማስወጫና ለሙቅ መውጫ መጠቀም ይቻላል። ቅርጹ የተመቸ ነው። ድክመቱ ግድግዳው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። በየቀኑ ኦክስጅን ያለው አዲስ ውሃ ይገባበታል፣ ሙቀቱም ዝገቱን ያፈጥነዋል። አንቲረስት ቀለም ከውስጥ መቀባት ጥቂት ጊዜ ያራዝም ይሆናል፤ ነገር ግን ቀለሙ ለሙቅ ውሃ ካልተሠራ ተልጦ ገላችን ላይ ይፈስሳል።

ከዝገቱ የሚከፋው በርሜሉ ቀድሞ የያዘው ነው። ፀረ ተባይ፣ ቀለም ማቅጠኛ ወይም የማይታወቅ ኬሚካል የነበረበት በርሜል በምንም እጥበት ለሰው ገላ አይሆንም። ነዳጅ የነበረበትን ደግሞ መበየድ ሰው ይገድላል። ባዶ መስሎ የሚታየው በርሜል በነዳጅ ትነት የተሞላ ነው፤ የብየዳው ብልጭታ ሲገባ ይፈነዳል። በሰበታና በቡራዩ የመንገድ ዳር ብየዳ ቤቶች የሚሠሩ ወጣቶች «ታጥቧል» የሚለውን ቃል ብቻ አምነው እሳት እንዲያስጠጉ ማንም ሊጠይቃቸው አይገባም። የምግብ ዘይት ወይም የጭማቂ በርሜል ቢሆን እንኳ በፈላ ውሃና በሳሙና ተደጋግሞ ታጥቦ፣ የሚበየደው ቦታ አጠገብ እስኪደርስ በውሃ ተሞልቶ መሆን አለበት። እንዲህ ተጠንቅቆ የተሠራ በርሜል እንደ ሙከራ ጥሩ ነው። አሠራሩን ለመማር፣ ቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚጠቀም ለማየት ያገለግላል፤ ቋሚ ሀብት ብሎ መቁጠር ግን አይገባም።

በጋልቫናይዝድ ላሜራ የሚሠራው ታንክ ከበርሜል ይሻላል፤ ዚንኩ ብረቱን ይጠብቀዋልና። ሁለት ነገር ግን ያጠፋዋል። አንደኛው ብየዳ ነው፤ እሳቱ የነካበት መስመር ዚንኩ ተቃጥሎ ራቁቱን ይቀራል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። ሁለተኛው መዳብ ነው። ሰብሳቢው በመዳብ ቧንቧ ከተሠራ ከመዳቡ የሚሟሟው ጥቂት ነገር ከውሃው ጋር እየተዘዋወረ ዚንኩ ላይ ያርፋል፤ ታንኩንም በመርፌ እንደተወጋ ያደርገዋል። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፦ መዳብ ሰብሳቢ ካለ የጋልቫናይዝድ ታንክ አይሁን። ሰብሳቢውም በጋልቫናይዝድ ቧንቧ ከተሠራ ሁለቱ ይስማማሉ፤ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ባያልፍ ግን ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ ዚንኩ ብረቱን የመጠበቅ ኃይሉ ይደክማል።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ ቦይለር ለብዙዎቻችን የተሻለው መንገድ ይመስለኛል። መርካቶ ምናለሽ ተራና በየሰፈሩ የውራጅ መደብር ዘንድ ሬዚስታንሱ ተቃጥሎ የተጣለ ቦይለር አይጠፋም። የተቃጠለው ሬዚስታንስ ለእኛ ምንም አይደለም። የምንፈልገው ገላውን ነው። ውስጡ በኤናሜል የተለበጠ ወፍራም ብረት፣ ዙሪያው ፋብሪካው የነፋው ፎም፣ ውጩም የተቀባ ቆርቆሮ ነው፤ በየብየዳ ቤቱ ለብቻ ቢሠራ ብዙ የሚያስወጣው ይህ ሁሉ እዚያው አለ። ሲገዛ መታየት ያለበት ውስጡ ያለው የማግኒዥየም ዘንግ ነው። ዘንጉ ራሱን እየበላ ብረቱን ከዝገት የሚያድን ነው። አልቆ መሐል ሽቦው ብቻ ከቀረ ታንኩ ያለ ጠባቂ ስንት ጊዜ እንደቆየ አይታወቅምና ይመርመር። ውሃ ተሞልቶ ቢያድርና ጠዋት ቡናማ ውሃ ቢወጣ አለመግዛት ነው። የተሻለ ከተገኘ አዲስ ዘንግ አስገብቶ በየሁለት ዓመቱ ማየት ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ቦይለር ሁለት ፈተና አለው። አንዱ መጠኑ ነው፤ በብዛት የሚገኘው 50 እና 80 ሊትር ነው። ሁለት ማያያዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለት ትንንሽ ታንክ ያንኑ ውሃ ከሚይዝ አንድ ትልቅ ታንክ በሩብ ያህል የበለጠ ገላ ለብርድ ያጋልጣል። ሌላው መግቢያው ነው። ግድግዳ ላይ የሚቆመው ዓይነት ሁለቱም ቧንቧዎቹ ከሥር ናቸው፤ የሙቁ ቧንቧ ውስጥ ለውስጥ እስከ አናቱ ይወጣል። ከሰብሳቢው የሚመጣው ሙቅ ውሃ በዚህ በረጅሙ በቲ ተገናኝቶ ይግባ፤ ወደ ሰብሳቢው የሚሄደው ቀዝቃዛም ከሥሩ ይውጣ። ለመቆም የተሠራውን አስተኝቶ ማሠራት ግን ስህተት ነው። ሙቁ ውሃ በላይ፣ ቀዝቃዛው በታች ተለይቶ የሚቆመው ታንኩ ረጅም ሆኖ ሲቆም ነው። ከተኛ ሁለቱ ይደባለቃሉ፣ የረጅሙ ቧንቧ አፍም ከላይ ሙቁን አያገኝም። ለማንኛውም ታንክ ቢሆን ቀዝቃዛው ውሃ ሲገባ ወደ ታች በሚያይ ወይም በተበሳሳ ቧንቧ ቀስ ብሎ ይግባ፤ ወደ ላይ ከተረጨ ሙሉ ቀን የተደረደረውን ሙቀት በአንድ ባልዲ ያናጋዋል።

እስቴንለስ ታንክ ከሁሉ የላቀው ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። ሰበታ ማማ ወተትን የሚያመርተው ፋብሪካና የሜታ ቢራ ፋብሪካ ያሉባት ከተማ ስለሆነች፣ በወተትና በቢራ መሣሪያ ጥገና እጁን ያፍታታ የአርጎን በያጅ መፈለግ የሚያዋጣው እዚያ ነው። ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ እስቴንለስ በተራ ኤሌክትሮድ ከተበየደ የብየዳው ዳር ጠቁሮ መዛግ ይጀምራል፤ የብረቱ ጥቅምም እዚያው ያበቃል። አርጎን ሆኖ ጥቁረቱ በአሲድ ከጸዳ ግን ከእኛ ዕድሜ ጋር ይወዳደራል። ከወተት ማኅበር ወይም ከላም እርባታ የሚወጣ ያገለገለ የወተት ማቀዝቀዣ ታንክ ከተገኘ ደግሞ ልባሱ ጭምር ተሠርቶ ይመጣል። ለቫኩም ቱቦ ማሞቂያ ከቻይና የሚመጣው ታንክ ውስጡ ቀጭን እስቴንለስ፣ ዙሪያው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ፎም ነው። ቱቦዎቹ የተሰባበሩበት ሰው ዘንድ ታንኩ ብቻ ሊገኝ ይችላል። የጎኑን ቀዳዳዎች በአግባቡ መዝጋት አስቸጋሪ ስለሆነ እኔ ብዙም አልመክረውም።

ስለ ልባሱ ቁጥሩ ራሱ ይናገር። 200 ሊትር በርሜል በ50 ዲግሪ ውሃ ተሞልቶ፣ ራቁቱን፣ አየሩ 10 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት 14 ሰዓት ቢያድር ወደ 20ዎቹ መጀመሪያ ይወርዳል። ያው በርሜል 5 ሳንቲ ሜትር ደረቅ የፋይበር ግላስ ከለበሰ የሚያጣው 4 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 2። ስለዚህ ለተጨማሪ ካሬ ሜትር ሰብሳቢ ከማውጣት በፊት ለልባሱ ማውጣት ያዋጣል። ፋይበር ግላስ ከታጣ የፍራሽ ስፖንጅ ይሠራል። ገንዘብ ለሌለው ሰው ደግሞ በዙሪያችን ብዙ ነገር አለ። ከእንጨት ቤት የሚወጣ ሰጋቱራ ወይም የአውድማ ጭድ 10 ሳንቲ ሜትር ተጠቅጥቆ ከገባ 5 ሳንቲ ሜትር ፋይበር ግላስን ይቀርባል። ነጩ የማሸጊያ ፎም ግን ከ75 ዲግሪ በላይ ይለሰልሳልና ከብረቱ ጋር በቀጥታ አይገናኝ። ሁሉም ልባስ አንድ ጠላት አለው፤ ውሃ ነው። የሐምሌ ዝናብ የገባበት ጭድ ሙቀት ከመያዝ ይልቅ ያወጣል፤ ይበሰብሳልም። ስለዚህ ዙሪያውን በቆርቆሮ መሸፈን፣ አናቱን እንደ ጣሪያ ማዘንበልና መገጣጠሚያውን መዝጋት ግዴታ ነው። የታንኩ ሥርም ይለበስ፤ ብረቱ በቀጥታ በብረት መቆሚያ ላይ ከተቀመጠ ሙቀቱ በእግሩ በኩል ይሸሻል።

ታንኩ የት ይቀመጥ? ያለ ፓምፕ፣ ሙቁ ቀላል ሆኖ በራሱ እንዲወጣ ከተፈለገ የታንኩ ሥር ከሰብሳቢው አናት ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር መብለጥ አለበት። ይህ ካልተጠበቀ ሌሊት ዝውውሩ ይገለበጥና ቀን የሞቀው በሰብሳቢው በኩል ለሰማይ ይሰጣል። ወደ ላይ የሚሄደው ቧንቧም ከሥር እስከ ላይ ያለማቋረጥ ከፍ እያለ ይሂድ፤ አንድ ቦታ ካጎነበሰ አየር ይዞ ዝውውሩን ያቆመዋል። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፤ ታንኩና ልባሱ ሲጨመር የበለጠ። በባሕር ዛፍ ማገር ላይ የተመታ የቆርቆሮ ጣሪያ ይህን አይሸከምም። ሶሌታ ያለው ቤት ላይ ችግር የለም። በሌላው ቤት ግን ሰብሳቢው መሬት አጠገብ፣ ታንኩ ከሱ በላይ፣ ሮቶው ከሁሉም በላይ ሆነው በአንድ የብረት መቆሚያ ላይ በግቢው ውስጥ ቢቆሙ ይሻላል፤ መገጣጠሚያ ሲያፈስ በመሰላል ይደረሳልና።

የሱሉልታ ሰው ስለ ውርጭ አንድ ነገር መጨመር አለበት። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ሰብሳቢው ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፤ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሊሰነጥቀው ይችላል። ቤይሊም በ1913 በካሊፎርኒያ ይኸው ደርሶበት የሰብሳቢውን ውሃ ከታንኩ ለይቶ፣ በማይቀዘቅዝ ፈሳሽ ሞልቶ፣ በታንኩ ውስጥ በተጠቀለለ ቧንቧ ሙቀቱን አስተላለፈ። እኛም እንዲህ ማድረግ ከፈለግን ታንኩ ሲመረጥ ጥቅሉ የሚገባበት ሰፊ አፍ እንዲኖረው ያስፈልጋል። የመኪና ራዲያተር ፈሳሽ ግን ፈጽሞ እዚያ አይግባ፤ ከጥቅሉ አንዲት ቀዳዳ ብትፈጠር መርዝ ነው። በሰበታና በቡራዩ ይህ ሁሉ ወጪ አያስፈልግም፤ ሱሉልታ ላይ እንኳ በጣም ብርዳማ በሆኑ ሌሊቶች ሰብሳቢውን በቫልቭ ዘግቶ ማፍሰስ ይበቃል።

ስለ ጤናም አንድ ነገር ይነገር። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ለብ ብሎ የሚቆይ ውሃ ሌጂዮኔላ ለሚባለው የሳንባ በሽታ ባክቴሪያ ተስማሚ ነው፤ ከ60 በላይ ግን በፍጥነት ይሞታል። ስለዚህ ደመናማ ሳምንት ሲያልፍ ታንኩ ቢያንስ አንድ ቀን 60 እስኪደርስ ውሃውን ሳይቀዱ መተው፣ ቦይለር ከሆነም ሬዚስታንሱን መጠገንና ያን ቀን ማብራት ይገባል። ከታንኩ የሚቀዳው ለመጠጥና ለምግብ አይሁን። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማንኛውም የታንክ መጠን ፀሐይን አይተካም፤ በዚያ ወቅት ሬዚስታንሱ ያለው ቦይለር ከሌሎቹ የሚበልጥበትም ምክንያት ይኸው ነው።

አንድ ጎረቤት ነገ በያጅ ዘንድ ሄዶ ታንክ ሊያዝዝ ቢያማክረኝ ወረቀት ላይ የምጽፍለት ይህን ነው፦ ቁመቱ ከስፋቱ እጥፍ የሆነ፣ ቆሞ የሚሠራ 150 ሊትር፤ አቅም ካለ በአርጎን የተበየደ እስቴንለስ፣ ከሌለ ዘንጉ ያልተበላ ያገለገለ ቦይለር፤ ከሥር የቀዝቃዛ መግቢያና ወደ ሰብሳቢው መውጫ፣ ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛው ላይ ከሰብሳቢው መመለሻ፣ ከአናቱ የሙቅ መውጫና ከሮቶው የሚበልጥ የአየር ቧንቧ፤ ደለልና ነጭ ቅርፊት የሚጠረግበት እጅ የሚያስገባ አፍ፤ ከሥርም ሙሉ በሙሉ የሚያፈስ ቧንቧ። 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ልባስ በቆርቆሮ ተሸፍኖ። መስታወትና ጥቁር ቀለም ከዚህ በኋላ ይገዛ።